ተርንባክሉን ከመንካታችሁ በፊት፦ ጓሮ ውስጥ የተሠራች ቀላል አውሮፕላን የኬብል ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ ጓሯችን ባለው የቆርቆሮ ጥላ ስር አንዲት ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን ቆማለች። ገና አልበረረችም። ሞተርም አልተገጠመላትም። መሪዋን ከክንፏና ከጭራዋ የሚያገናኙትን ኬብሎቿን ግን ሦስት ጊዜ ፈትተን ሦስት ጊዜ ገጥመናል። ሁለቱ የእኔ ጥፋት ናቸው። የሆነ ነገር በላላ ቁጥር እጄ ወደ ተርንባክሉ፣ ማለትም ኬብሉን ወደሚያጠብቀውና ወደሚያላላው ባለ ጥርስ ማያያዣ፣ ይሮጣል። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ተርንባክሉን የማዞርበትን ሚስማር ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱና፣ «ልጄ፣ የላላው ኬብሉ መሆኑን ማን ነገረህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ከምልክቱ ነው የምንነሳው። ያየነውን እዚህ አስቀምጣለሁ። የእናንተ ንድፍ ከእኔ ጽሑፍ ጋር ከተጋጨ ንድፉን ስሙ። ከመብረር በፊት ደግሞ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሊያያት ይገባል። የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ እስኪገኝ ቦታዋ ጓሮ ነው።

ስቲኩ ይሄዳል፣ አይለሮኑ ግን ዝም

ስቲኩን፣ ማለትም አብራሪው የሚይዘውን የመሪ ዱላ፣ ስትነቀንቁት ጣት ያህል ባዶውን ይሄዳል። አይለሮኑ (ክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉም የተለመደው ችግር ይሄ ነው። ሰው ሁሉ በችኮላ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

ረዳት ፈልጉ። እሱ አይለሮኑን በመዳፉ ደግፎ ይያዘው። እናንተ ስቲኩን በቀስታ ግፉ፤ ጉልበት አያስፈልግም። ሌላ ሰው ካለ ባትሪ ይዞ ኬብሉን ከስቲኩ እስከ ክንፉ ጫፍ ይከተለው። የምትፈልጉት እንቅስቃሴው የሚጠፋበትን ቦታ ነው።

የማይጎተተው ኬብል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ከረገበ ውጥረቱ አንሷል ማለት ነው። ቤልክራንኩ (የኬብሉን ጉተታ አቅጣጫ የሚቀይረው ክንድ) መጀመሪያ ቡሎኑ ላይ ተንገጫግጮ ከዚያ የሚዞር ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ኬብሉም ቤልክራንኩም ደህና ሆነው እንቅስቃሴው አሁንም ከጠፋ ደግሞ አካሉ ራሱ እየተለመጠ ነው።

የእኛ ሦስተኛው ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ፑሊ (ኬብሉ የሚዞርበትን ባለ ቦይ ጎማ) የሚይዘው ብረት ስቲኩ በተገፋ ቁጥር ይተነፍሳል። በዓይን አይታይም። ጣቴን በብረቱና በወለሉ መካከል ሳስገባ ግን ቆንጠጥ፣ ለቀቅ ሲያደርገኝ ተሰማኝ። ብረቱን የሚይዙት ሁለት ሪቬቶች ላልተዋል። ዙሪያቸውን ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ዱቄት ከቧቸዋል። ይህ ዱቄት ሪቬቱ እየተንቀሳቀሰ አሉሚኒየሙን የመፍጨቱ ምልክት ነው። እኔ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ኬብሉን ሳጠብቅ ከርሜያለሁ። ባጠበቅሁ ቁጥር ያንኑ ብረት የባሰ እየነቀልኩት ነበር።

መፍትሄው ብረቱን ማውረድ፣ ከጀርባው ደጋፊ ሳህን ማድረግና በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ሪቬት መልሶ ማሰር ሆነ። ንድፉም ይህን ይፈቅድ ነበር። ተርንባክሉን ማጥበቅ አላስፈለገንም፤ እንዲያውም ያጠበቅሁትን መልሰን አላላነው።

ችግሩ እውነትም ውጥረት ከሆነ በቴንሲዮሜትር ለኩ። ብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ ቁጥሩ ከ20 እስከ 40 ፓውንድ፣ ማለትም ከ9 እስከ 18 ኪሎ አካባቢ ነው። የእናንተን ቁጥር ከንድፉ ውሰዱ። በጣት ነካ አድርጎ «ይበቃዋል» ማለት አይሠራም። በጆሮና በጣት የሚቃኘው ክራር ነው።

ጠዋት የላላው ከሰዓት ይጠብቃል

ይሄ እኔን ለእብደት ዳርጎኝ ነበር። ጠዋት ጣና ላይ ጉም ሳይለቅ ለክቼ አስተካክላለሁ። ከምሳ በኋላ ስመለስ ኬብሉ እንደ ክር ተወጥሯል። ልጆቹ ነክተውት ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ልጆቹ ንጹሕ ነበሩ።

ኬብሉ ብረት ነው፣ አካሉ አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው አካል በ25 ዲግሪ ቢሞቅ 2.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። በዚያው ሙቀት ኬብሉ የሚረዝመው 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። የቀረችው 1.1 ሚሊ ሜትር ለዓይን ኢምንት ናት፤ ለተወጠረ ኬብል ግን ትልቅ ጉዳይ ናት። በዚያ ላይ አውሮፕላኗ ፀሐይ ላይ ስትቆም ፀሐዩ መጀመሪያ የሚያርፈው አካሉ ላይ ነው። ኬብሉ ውስጥ በጥላ ተቀምጧል።

ስለዚህ ፀሐይ ላይ አትለኩ። ጥላ ስር አስገቧት፣ አካሉና ኬብሉ እኩል እስኪሆኑ ጠብቁ፣ የሙቀት መጠኑን ከውጥረቱ ጎን ጻፉ። ንድፉ የሙቀት ሠንጠረዥ ካለው በእሱ ሂዱ። ሠንጠረዥ ከሌለው ሁልጊዜ በተቀራራቢ ሙቀት ለኩ። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለመለካት ተስማምተናል።

አካሏ የብረት ቱቦ ከሆነ ይሄ ብዙም አያሳስብም፤ ሁለቱም ብረት ናቸው። የእንጨት ከሆነች ነገሩ ይገለበጣል። እንጨት በቁመቱ በሙቀት እምብዛም አይረዝምም። ስለዚህ ሙቀት ሲመጣ የሚላላው ኬብሉ ይሆናል።

ስቲኩ ወይም ፔዳሉ ይከብዳል

መጀመሪያ ከመጠን በላይ አጥብቃችሁ እንደሆነ እዩ። እንደኔ ከሆናችሁ አጥብቃችኋል። ውጥረቱ ልክ ከሆነ ግን የሚፋተግ ነገር አለ።

ኬብሉን ከአይለሮኑ ወይም ከረደሩ (ጭራው ላይ ቆሞ ወደ ግራና ቀኝ ከሚታጠፈው ክፍል) ፍቱትና ክፍሉን በባዶ እጅ አንቀሳቅሱት። ከከበደ ጥፋቱ ማጠፊያው ላይ ነው። ከቀለለ ወደ ኬብሉ መንገድ ተመለሱ። እያንዳንዱ ፑሊ ጎን ላይ በማርከር ነጥብ አድርጉና ስቲኩን አመላልሱ። ነጥቡ ካልተንቀሳቀሰ ፑሊው ቆሟል፤ ኬብሉ በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ፑሊውን እንደ መጋዝ ይበላዋል።

ኬብሉ ወደ ፑሊው አግድም መግባት የለበትም። ከ2 ዲግሪ በላይ ከተጣመመ የፑሊው ጠርዝ ያፋትገዋል። ፌርሊድ የሚባለው መምሪያ ፕላስቲክ ደግሞ ኬብሉን ለማሳለፍ እንጂ ለማጠፍ አይደለም። ከ3 ዲግሪ በላይ መታጠፍ ካለበት ቦታው የፑሊ ነው።

የእኛ ረደር ባለፈው መስከረም በግራ በኩል ክብድ አለ። ነጥቡንም ማዕዘኑንም አየን፤ ሁሉም ደህና ነው። ጋሼ ባትሪውን ጭራው ውስጥ ከተው ብዙ ቆዩና መሳቅ ጀመሩ። ተርብ ክረምቱን ሙሉ ከጭቃ ቤት ሠርታ፣ የፑሊውን መከላከያ ፒን ከኬብሉ ጋር ለስናዋለች። እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። በእንጨት ፈቅፍቀን፣ በብሩሽ ጠርገን አወጣነው። ካቻቢቴ አትጠቀሙ፤ የኬብሉን ክር ይቆርጣል። አሁን ጭራው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በወንፊት ሽቦ ሸፍነናል። ሐይቅ ዳር የምትሠሩ ሰዎች ይህን ነገር አትናቁ።

ያ መከላከያ ፒን ራሱ ከሌለ፣ ኬብሉ በላላበት ሰዓት ከፑሊው ዘሎ ይወጣል። የሌለበት ፑሊ ካያችሁ ሌላውን ሥራ አቁማችሁ እሱን ግጠሙ።

አዲስ ኬብል ተስተካክሎ እንደገና ይላላል

ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ጤነኛ ነው፣ አንዱ አደገኛ።

ጤነኛው፣ አዲስ ኬብል መጀመሪያ ላይ ጥቂት ይረዝማል። ለፑሊ የሚሆነው ተጣጣፊ ኬብል ሰባት ጉንጉን አለው፤ እያንዳንዱ ጉንጉን 19 ክር ነው፤ በድምሩ 133። እነዚህ ክሮች ሲጎተቱ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ለዚህ ነው ኬብል ተሠርቶ ሳይገጠም በፊት የሚጎተተው። 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነው ባለ ዚንክ ኬብል የሚበጠሰው 2000 ፓውንድ ወይም 907 ኪሎ አካባቢ ላይ ነው። ሙከራው የዚያ 60 በመቶ ነው፤ ወደ 544 ኪሎ። ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ይያዛል። እኛ በፓራንኮና በሚዛን አደረግነው። ኬብሉ ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ጣሉበትና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ቢበጠስ ሰው ይቆርጣል።

አደገኛው፣ ኬብሉ ከስሊቩ (ጫፉን ጨምቆ ከሚይዘው አጭር ቱቦ) ውስጥ እየሾለከ ሊሆን ይችላል። ስሊቩ ዳር ኬብሉ ላይ ቀለም ቀቡ። ከሳምንት በኋላ በቀለሙና በስሊቩ መካከል ያልተቀባ ኬብል ከታየ ሾልኳል። ደግማችሁ አትጭመቁት። ኬብሉ ከነስሊቩ ይወገድና አዲስ ይሠራ።

ለዚህ መጠን ስሊቩ ሦስት ጊዜ ይጨመቃል። መጀመሪያ መሃሉ፣ ቀጥሎ የቲምብሉ (የኬብሉን ቀለበት ከውስጥ የሚደግፈው ብረት) ጎን፣ በመጨረሻ ሌላው ጫፍ። ከዚያ በመለኪያው ይፈተሻል፤ መለኪያው ካላለፈ አልተጨመቀም። ለዚንኩ ኬብል የመዳብ ስሊቭ፣ ለስቴንለሱ ዚንክ ወይም ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ይሆናል። ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው የአሉሚኒየም ስሊቭ ለአጥር ነው። የባጃጅ ክላች ኬብልም ለባጃጅ ይቅር። ከተማችን ብስክሌትና ባጃጅ ስለሚበዛባት የፍሬን ሽቦ በየመንገዱ ይገኛል፤ እኔም አንድ ሰሞን ዓይኔን ጥዬበት ነበር።

ስቲኩ መሃል ነው፣ አይለሮኖቹ ግን እኩል አይደሉም

ይሄ ቶሎ ያልቃል። ስቲኩን በጣውላ መሃል ላይ እሰሩት። ቤልክራንኮቹን ንድፉ በሚለው ቦታ በፒን ቆልፏቸው። ከዚያ አንዱን ተርንባክል ስታላሉ ሌላውን በዚያው ልክ አጥብቁ፤ ግማሽ ዙር ለግማሽ ዙር። ውጥረቱ ሳይለወጥ መሃሉ ይንቀሳቀሳል። ሲያልቅ ጣውላውንም ፒኖቹንም አውጡ። ቁጠሯቸው።

በዚያው ማቆሚያዎቹን እዩ። መጀመሪያ ማቆሚያውን መምታት ያለበት ክንፉ ላይ ያለው አይለሮን ነው፤ ስቲኩ ከዚያ በኋላ ትንሽ መንገድ ሊተርፈው ይገባል።

ተገላቢጦሽ

አይለሮኑ ወይም ጭራው ስቲኩና ፔዳሉ ከሚያዙት በተቃራኒ ይንቀሳቀሳል። ምክንያቱ ኬብሎቹ ተሻግረው መታሰራቸው ነው። ውጥረቱ ልክ፣ እንቅስቃሴው ለስላሳ፣ ሁሉም ነገር ያማረ ሊሆን ይችላል። አውሮፕላኗ ግን ከመሬት እንደተነሳች ትገድላለች።

ስቲክ ወደ ቀኝ፦ የቀኙ አይለሮን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች። ስቲክ ወደ ኋላ፦ የኤሌቬተሩ (የጭራው አግድም ተንቀሳቃሽ ክፍል) የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ። የግራ ፔዳል፦ የረደሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ግራ። ስቲኩን ስትጨብጡ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ አቁሙ፤ ጣቱ ያዘነበለበት በኩል ያለው አይለሮን መነሳት አለበት። ኬብል በተፈታ ቁጥር ይህን ሁለት ሰው ይየው። ሁለተኛው ያሰረው ሰው አይሁን።

ዝገትና የተቆረጠ ክር

ጣና ጨው የለውም፤ እንደ ባሕር ጠረፍ ኬብል አይበላም። የክረምቱ እርጥበትና የጠዋቱ ጤዛ ግን ይበቃሉ። ከሁሉ የባሰው ሸራ ነው። በፕላስቲክ ሸራ ጠቅልላችሁ ከሰኔ እስከ መስከረም ከተዋችኋት ውስጧ ያልበዋል።

በለስላሳ ጨርቅ ኬብሉን ጨብጣችሁ በቁመቱ ሳቡ። የተቆረጠ ክር ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ እጅ አትሞክሩ፤ እንደ እሾህ ይገባል። ፑሊና ፌርሊድ ያለበትን ቦታ ለይታችሁ እዩ፤ ክር የሚቆረጠው እዚያ ነው። ኬብሉን አላሉና በእጅ ጎበጥ አድርጉት። ከመሃሉ ቀይ ዱቄት ከወጣ ውስጡ ዝጓል፤ መለወጥ ነው።

በቤንዚን አትጠቡት። ውስጥ ያለውን ቅባት ያወጣዋል። በግራሶም አትለቅልቁት፤ አቧራ ይሰበስባል። ቀጭን የዝገት መከላከያ ዘይት በጨርቅ ማሸት ይበቃል። ስቴንለስ አይዝግም ብሎ መዝናናትም ልክ አይደለም፤ ፑሊ ላይ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።

ተርንባክሉ ጥርስ ጨረሰ

አሁን ተርንባክሉን መንካት ይቻላል። በርሜሉ (የተርንባክሉ የመሃል ቱቦ) አንዱ ጫፍ የቀኝ፣ ሌላው የግራ ጥርስ ነው። ዙሪያውን ጭረት ያለበት ጫፍ የግራው ነው። ሁለቱን ጫፎች እኩል አስጀምሩ። አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ከበርሜሉ ውጪ በየጫፉ ከሦስት ጥርስ በላይ መታየት የለበትም። አራት ከታየ ውስጥ የገባው አይበቃም፤ ኬብሉ አጥሯል ማለት ነው። በርሜሉ እስከ መጨረሻው ገብቶ ኬብሉ አሁንም ከላላ ደግሞ ረዝሟል። በሁለቱም ኬብሉ እንደገና ይሠራል። ሮንዴላ መደርደር፣ ማያያዣ መጨመር የለም።

ከዚያ ሴፍቲ ዋየር፣ ማለትም የማሰሪያ ሽቦ። በርሜሉ እንዳይፈታ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። አንዴ የተፈታ ሽቦ መልሶ አይታሰርም፤ አዲስ ይቆረጣል።

የእኛ የረደር የቀኝ ኬብል አምስት ጥርስ አሳየን። ቆረጥነው። ስሊቭ ስላለቀብን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እየጠበቅን ነው። እስከዚያ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ረደሩን እያማታ ሌላውን ኬብል እንዳይጎዳው በሁለት ጣውላ ጠፍረነዋል። ጋሼ ጣውላው ላይ በቀይ ቀለም «ሳይፈታ እንዳይነካ» ብለው ጻፉበት። ሲጽፉ ወደ እኔ እያዩ ነበር።