የቅስቀሳ ኢሜይላችሁ አይፈለጌ መልዕክት ውስጥ እንዳይቀር

ኢሜይሉ ደጋፊው ጋ ሳይደርስ ሲቀር «ሆን ብለው ዘጉብን» የሚል ሰው ከቅስቀሳ ቢሮ አይጠፋም። እኔ እስካየሁት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላኪው ቤት ነው፤ በተለይ ከደብተሩ።

ደብተር ያልኩት ይህን ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ለአንድ ዕጩ የሚቀሰቅሱ ልጆች ጠረጴዛ ዘርግተው አድራሻ ሲመዘግቡ አብሬ ዋልኩ። ማታ ወደ ኮምፒውተር ስናስገባው የእንግሊዝኛው «ኤል» ከ1 አይለይም፣ «ኦ»ው ከዜሮ አይለይም። የባሰው ደግሞ አድራሻው ትክክል ሆኖ ባለቤቱ የማይከፍተው ነው። «ስልክ ቤቱ ነው ያወጣልኝ፣ ፓስወርዱን እንጃ!» ይላሉ። ወደ እንዲህ ያለ ዝርዝር በጅምላ ስትልኩ የተሳሳተው ተመልሶ ይመጣል፣ የቀረውን የሚያነበው የለም፤ ጂሜይልም አድራሻ እየገመተ የሚልክ ሰው አድርጎ ይይዛችኋል።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ አድራሻውን ደጋፊው ራሱ በስልኩ ይጻፍ። ወዲያው የማረጋገጫ ኢሜይል ይድረሰው፤ ሊንኩን ያልነካ ዝርዝሩ ውስጥ አይግባ። ዝርዝሩ ያጥራል። ይጠር። የዕድርም ሆነ የተመራቂዎች ስም ዝርዝር ከሰው ተቀብላችሁ አትጠቀሙ።

ሁለተኛ፣ ከነፃ ጂሜይል አድራሻ በጅምላ አትላኩ። የራሳችሁ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ የሚመጣው ስም) ይኑራችሁ፤ ዶሜይኑን የሚያስተዳድርላችሁ ልጅ ዲኤንኤሱ ላይ፣ ማለትም የዶሜይኑ መረጃ በሚቀመጥበት መዝገብ ላይ፣ ሦስት ነገር ያስገባ። ኤስፒኤፍ በስማችሁ እንዲልክ የተፈቀደለትን ሰርቨር ይዘረዝራል። ዲኬአይኤም ደብዳቤ ላይ እንደሚመታ ማኅተም ነው፤ ጽሑፉ መንገድ ላይ ከተነካካ ያሳብቃል። ዲማርክ ደግሞ ማረጋገጫው ሲወድቅ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ይናገራል። ጉግል ከፌብሩዋሪ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልክ ሦስቱንም ግዴታ አድርጓል። እናንተ ያን ያህል ባትልኩም አስገቡት። ብዙዎች የሚሳሳቱት የመላኪያ አገልግሎት ሲቀይሩ ሁለተኛ ኤስፒኤፍ ሲጨምሩ ነው። ሁለት ካለ ሁለቱም አይሠሩም፤ አንዱ ውስጥ ቀላቅሏቸው።

መሥራቱን ለማየት ለራሳችሁ ጂሜይል ላኩና በኮምፒውተር ክፈቱት፤ ሦስቱን ነጥቦች ተጭናችሁ «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጡ። ከሦስቱ ስሞች አጠገብ «ፓስ» ካላያችሁ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ሦስተኛ፣ አትቸኩሉ። ትናንት የተገዛ ዶሜይን ዛሬ ለሺዎች ከላከ ይጠረጠራል። መልስ ከሚጽፉላችሁ በጎ ፈቃደኞች ጀምሩና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ለዚህ ጊዜ የለም።

አራተኛ፣ መውጫ በር ስጡ። አንዴ ተጭኖ ከዝርዝሩ የሚወጣበት ቁልፍ ይኑር፤ የወጣውን በ2 ቀን ውስጥ ሰርዙት። የቅስቀሳ ኃላፊው «ደጋፊ እናጣለን» ብሎ ይከራከራችኋል፤ ተከራከሩት። መውጫ ያጣ ሰው የሚጫነው «አይፈለጌ መልዕክት» የሚለውን ነው። ጉግል ደግሞ ይህ ቅሬታ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይፈልጋል፤ ከ1,000 ሰው 3 ከተጫኑ መስመሩ ላይ ናችሁ ማለት ነው።

ጽሑፉ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ፖስተሩን እንዳለ በምስል ብቻ አትላኩ፤ ምስሉ ካልተከፈተለት ደጋፊው የሚያየው ባዶ ገጽ ነው። በማሳጠሪያ አገልግሎት ያጠረ ሊንክም ይቅር። ቀጠሮ ያስያዛችሁት ኢሜይል ካለ የጥሞና ጊዜው (ከድምፅ መስጫው በፊት ቅስቀሳ የሚከለከልበት) ሳይገባ ሰርዙት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዳንዱ ጋ አይፈለጌ ውስጥ ይገባል። ደጋፊው እዚያ ገብቶ መልዕክቱን ከፍቶ «አይፈለጌ መልዕክት አይደለም» የሚለውን ይጫን፤ አድራሻችሁንም ከስልኩ ስሞች ጋር ያስቀምጥ። ይህን ግን በቴሌግራም ንገሩት። በኢሜይል ብትነግሩት የት ያነበዋል?