የልጆቼን ክፍል እንዴት እንዳስተካከልኩ

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናትና የልጆች ክፍል በሹራብና በብርድ ልብስ ይጨናነቃል። ሦስቱ ልጆቼ አንድ ክፍል ይጋራሉ። «ለታናሹ ይሆናል» እያልኩ ያጠራቀምኩት ልብስ በካርቶን ሆኖ አልጋ ሥር ከረመ፤ በነሐሴ ስከፍተው ሻግቷል። አንጀቴን በላው።

መጀመሪያ ሌላ ቁም ሣጥን ለመግዛት አስቤ ነበር። ችግሩ ግን የማስቀመጫ ማነስ ሳይሆን የዕቃው መብዛት ነው። ክረምቱ እንደወጣ ሁሉንም ግቢ አውጥተን ፀሐይ ላይ ዘረጋነው። ልጆቹ ራሳቸው እየለኩ የጠበባቸውን ለዩ፤ ደህና ደህናው ታጥቦ ለጎረቤት ልጆች ተሰጠ። ለታናሹ የቀረው አንድ ቅርጫት ብቻ ነው፤ ከሞላ ሌላ አይጨመርም።

ካርቶን እርጥበት ይመጥጣል፤ ሁሉንም አስወገድኩ። በምትኩ ከባቲ የሰኞ ገበያ አየር የሚያስገቡ ቅርጫቶች ገዛሁ። የሲሚንቶውን ወለል እንዳይነኩ ከሥራቸው ጣውላ አነጠፍኩ፤ አልጋውንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅኩት። ከዚህ ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይኸኛው ይመስለኛል።

ካለቁ ደብተሮች ባዶውን ወረቀት ለሥዕል ሰፋሁላቸው። ትልቋ የአንደኛ ክፍል ደብተሯን አልሰጥም አለች፤ ተውኩላት።

ዘንድሮ በነሐሴ ቅርጫቱን ስከፍት ልብሱ ደረቅ ነበር።