የትንንሽ ምስሎች ቆዳ ሕይወት ሲያጣ፦ ችግርና መፍትሔ

በ28 ሚሊ ሜትር ምስል፣ ማለትም ቀለም በሚቀባ ትንሽ የሰው ቅርጽ፣ ላይ ፊት የሚባለው ስፍራ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ልብሱና ጋሻው የቱንም ያህል ቢያምር የተመልካች ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ የቆዳ ቀለም ጉድለት አይደበቅም። ይህ መመሪያ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ለሚጠቀም ጀማሪ የተዘጋጀ ነው። ምልክቱን ፈልጎ ወደ ምክንያቱ መሄድ ይቻላል፤ በአንድ ምስል ላይ ሁለትና ሦስት ችግር ተደራርቦ መገኘቱ ግን የተለመደ ነው።

ቆዳው አመዳም ሆኗል፤ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ኖራ የተቀባ ይመስላል

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ነጭ ቀለም ነው። ጀማሪ ቆዳን ለማፍካት የሚያውቀው መንገድ መሠረቱ ላይ ነጭ መጨመር ብቻ ነው። በአክሪሊክ የሚገኘው ነጭ በአብዛኛው ቲታኒየም ነጭ ሲሆን የመሸፈን ኃይሉ ብርቱ፣ ጠባዩም ቀዝቃዛ ነው። የተቀላቀለበትን ቀለም ሙቀቱን ይነጥቀዋል።

በነጭ ፋንታ ክሬም ወይም የዝሆን ጥርስ ቀለም ይጨመር። ለቀይ ዳማ ቆዳ ቢጫ ኦከር (የአፈር ቢጫ) ላይ ጠብታ ብርቱካናማ ማከል ይበልጥ ያምራል። ንጹሕ ነጭ ቢያስፈልግ እንኳ ለአፍንጫ ጫፍና ለታችኛው ከንፈር ነጥብ ያህል ይበቃል። ሥራው ካለቀ በኋላ ከታየ ደግሞ እንደገና መቀባት አያስፈልግም። ቀይ ቡናማ ቀለም በሚዲየም (ቀለም በሌለው የአክሪሊክ ማቅጠኛ) እጅግ አቅጥኖ፣ ብሩሹን በጨርቅ ነካ ነካ አድርጎ ካደረቁ በኋላ ስስ ሽፋን ማልበስ ነው። የመጀመሪያው ሽፋን ምንም ያልተለወጠ ከመሰለ መጠኑ ትክክል ነው፤ ሲደርቅ ይደገም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ምስሉን ከጎን በሚመጣ መብራት ሲያዩት ገጹ ላይ ጥቃቅን ቅንጣት ከታየ ችግሩ የቀለም ምርጫ አይደለም። ከቀለም በፊት የሚረጨው የመጀመሪያ ልባስ (ፕራይመር) በጣም ከርቀት ተረጭቶ በአየር ላይ ደርቋል፣ ወይም የአየሩ እርጥበት አበላሽቶታል። በዚህ ላይ ስስ ሽፋን መደረብ ቀለሙን በቅንጣቶቹ መካከል እያጠራቀመ ያባብሰዋል። በመጨረሻው አንቀጽ እንደተገለጸው ቀለሙን አንስቶ ማጠብ ብቻ ነው መፍትሔው።

ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ እንጨት መስሏል

ይህ ርዕስ በአብዛኞቹ መመሪያዎች በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ብልቃጡ ላይ «የቆዳ ቀለም» ተብሎ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ጽሑፉን ሳያምኑ ቀለሙን ማየት ይሻላል።

ምክንያቱ ሦስት ነው፦ አንድ ዓይነት ቡናማ ብቻ መጠቀም፣ ጥላውን በጥቁር መሥራት፣ ብርሃኑንም ሰፊ ማድረግ። በጥቁር ቆዳ ላይ ከገጹ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ከሥሩ ጥቁረት ጋር ስለሚነጻጸር ጎልቶ ይታያል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ጠባብና ደማቅ፣ ጥላው ጥልቅ መሆን አለበት። ብርሃኑን ማስፋት ሰውዬውን ያቀላዋል እንጂ ሕይወት አይሰጠውም።

ለጥላው ጥቁር ቡናማ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ይቀላቀል። መካከለኛው ቀይ ቡናማ ይሁን። ወደ ብርሃኑ ሲሄዱ ለጠይም ቆዳ በኦከርና በብርቱካናማ ማፍካት፣ በጣም ለጠቆረ ቆዳ ደግሞ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ሰማያዊ የቀላቀለ ፈዛዛ ግራጫ መሞከር ነው። ይህ የሰማይን ብርሃን ስለሚመስል በጉንጭ አጥንት፣ በግንባርና በትከሻ አናት ላይ ያምራል። መዳፍና ውስጥ እግር ከቀረው አካል ፈካ ይላሉ፤ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው።

ፊቱ አንድ ወጥ ነው

ብርሃን ቆዳ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ጥቂቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ተበትኖ ይመለሳል፤ በመንገዱም ከሥር ያለው ደም ያቀላዋል። ስለዚህ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ የጣት አንጓ፣ ክርንና ጉልበት ይቀላሉ። ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል። ጢሙን የተላጨ ወንድ አገጭ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል። መሠረቱ ከተቀባ በኋላ እነዚህን በስስ ሽፋን ማከል ፊቱን ይለውጠዋል። የአገጩ ግራጫ ግን ቶሎ ይበዛል፤ ከክንድ ርቀት ሲታይ ቆሻሻ ከመሰለ በመሠረቱ ቀለም መመለስ ይገባል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ሠዓሊዎች የሰው ገላ ሲቀቡ መጀመሪያ አረንጓዴ አፈር ከሥር ያነጥፉ ነበር፤ ከላይ የሚመጣው ሮዝ በአረንጓዴው አጠገብ ይበልጥ ይሞቃል። በትንሽ ምስልም ፈካ ባለ ቆዳ ጥላ ውስጥ ጥቂት የወይራ አረንጓዴ ማስገባት ያንኑ ያደርጋል። ቀለም ለመግዛት ለሚቸኩል ደግሞ ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን (1860–1920) ይበቃዋል፦ ስሙን የያዘው የቀለም ምርጫ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ደማቅ ቀይና ጥቁር ብቻ ነው። ኦከርና ጥቁር ሲቀላቀሉ የወይራውን አረንጓዴም ይሰጣሉ።

ጥላው ጠርዝ ላይ እድፍ ጥሏል

የጥላው ፈሳሽ (ጎድጓዳውን ቦታ ለማጥቆር የሚቀባው ቀጭን ቀለም) ፊቱን ሁሉ አጥለቅልቆ ነበር ማለት ነው፤ ሲደርቅ ቀለሙ ወደ ዳር ይሰበሰባል። በዓይን ጉድጓድ፣ በአፍንጫ ሥርና በከንፈር መካከል ብቻ ይደረግ፤ የተጠራቀመውን ሳይደርቅ እርጥብ ብሩሽ ይምጠጠው። በከፊል ሲደርቅ ግን አይነካ፤ ይላጣል። ለማቅጠን ከውኃ ይልቅ ሚዲየም ይመረጣል፣ ውኃ ሲበዛ ቀለሙን የሚያያይዘው ነገር ይዳከማልና።

ከጥላ ወደ ብርሃን መሸጋገሪያው ተቆራርጧል

ቀለሙ ወፍሯል ወይም እርከኖቹ ተራርቀዋል። መካከለኛውን ቀለም አቅጥኖ በድንበሩ ላይ ማለፍ ይበቃል። አክሪሊክ ሲደርቅ ጥቂት እንደሚጠቁር አይረሳ።

ዓይኑ ፈጧል

ንጹሕ ነጭ ስለተቀባ ነው። ወደ ግራጫ ወይም ወደ ክሬም ያደላ ይሁን፤ ጥቁሩ ክብ የላይኛውን ቆብ ይንካ፤ ከቆቡ ሥር ጥቁር ቡናማ መስመር ይሰመር። ዓይንን ከቆዳው አስቀድሞ መሥራት ለማረም ይቀላል። እንደ 1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሱ) ባሉ ጥቃቅን ምስሎች ግን ጥላ ብቻ ቢደረግ የበለጠ እውነተኛ ይመስላል።

ማታ ያማረው ቀን ላይ ተበላሽቷል

ቢጫ አምፖል ቢጫውንና ቀዩን ያሳስታል። የብርሃኑ ቀለም ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን የሚሆን፣ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው (CRI) ከ90 በላይ የሆነ መብራት ይፈለግ።

ፊቱ ያብረቀርቃል

ሚዲየሙ ወይም የጥላው ፈሳሽ አንጸባራቂ ነው። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ በደንብ ተንጦ በስሱ ይቀባ፤ በእርጥብ አየር ከተረጨ ነጭ ጉም ይጥላል።

የዓይን ቆቡና ከንፈሩ በቀለም ተሞልተው ከጠፉ ግን እርማቱን ትቶ ቀለሙን ማንሳት ይቀላል። አይሶፕሮፒል አልኮል አክሪሊክን ያለሰልሳል፤ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ የቀረውን ይጨርሳል። መስኮት ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ። አሴቶን ግን ፕላስቲክ ምስልን ስለሚያቀልጥ አይሞከር።