የልምምድ ጥይት ሲሰበስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አረር፣ ማለትም ተወንጭፎ ዒላማ የሚመታው የጥይቱ ጫፍ፣ የሌለው «ባዶ ጥይት» ሰው አይገድልም ብሎ ማመን ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ባሩዱ ሲነድ ከአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝ በቅርብ ያገኘውን ሥጋና አጥንት ይሰብራል። አሜሪካዊው ተዋናይ ጆን ኤሪክ ሄክሰም በ1984 እ.ኤ.አ. ባዶ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጭንቅላቱ ላይ አስጠግቶ በመተኮሱ ሕይወቱ አልፏል። ያልተተኮሰ ባዶ ጥይት ባሩድም መለኮሻም እንዳለው አይዘንጉ። ሕጉም እንደ አሻንጉሊት አያየውም፤ ከመግዛትዎ ወይም ድንበር ከማሻገርዎ በፊት የሚኖሩበትን አገር ደንብ ይጠይቁ። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትንም ይመለከታል።

ሁለተኛው ስህተት ለልምምድ የተሠራውን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ነው። የአሜሪካ ጦር ኤም 200 ባዶ ጥይት አረር የለውም፤ የቀለሃው አፍ እንደ አበባ ታጥፎ ተዘግቷል። ኤም 862 ግን ሰማያዊ የፕላስቲክ አረር ይተኩሳል። አረሩ ቀላል በመሆኑ ኃይሉን ቶሎ ያጣል፤ ከ250 ሜትር አያልፍም፤ የተሠራውም ጠባብ የተኩስ ሜዳ ላላቸው ሰልጣኞች ነው። በቅርብ ርቀት ግን ሰውን ክፉኛ ይጎዳል። ኤም 199 ደግሞ ለማጉረስ ልምምድ ብቻ የተሠራ ነው፤ ባሩድ የለውም፤ ቀለሃው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቦዮች ይታያሉ። ሦስቱም የ5.56 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ጥይቶች ናቸው፤ ሥራቸው ግን አይገናኝም።

ቀለም አይቶ መፍረድም ያሳስታል። ፈዛዛ ሰማያዊ በኔቶ አገሮች ዘንድ የልምምድ ምልክት ነው፤ ቀይ ግን እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ትርጉሙ ይለያያል። በአሜሪካ ጥይት ጫፍ ላይ ያለ ቀይ ቀለም እሳቱ እየታየ የሚበር ጥይትን ሊያመለክት ይችላል፤ በጀርመንና በስዊድን የቆዩ ጥይቶች ላይ ግን ቀይ የእንጨት አረር ባዶ ጥይትን ያመለክታል።

ስለ እንጨት አረር የሚወራው ተረት ከሁሉም ያስቆጨኛል። በ1944 እ.ኤ.አ. ኖርማንዲ የዘመቱ ወታደሮች የጀርመን የእንጨት አረሮችን ሲያገኙ፣ ጠላት ቁስልን ለማመርቀዝ ሆን ብሎ የሠራቸው ናቸው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ዛሬም ሻጮች ይህንን ወሬ ዋጋ መጨመሪያ ያደርጉታል። እውነቱ ሌላ ነው። ጥይቱ የልምምድ ጥይት ሲሆን፣ አረሩ የተቦረቦረ ስስ እንጨት ነው። የእንጨቱ ጥቅም ጥይቱ እንደ እውነተኛው ቅርጽና ርዝመት ኖሮት ያለችግር እንዲጎርስ ማድረግ ነው። በመትረየስ ሲተኮስ አፈሙዙ ላይ የሚገጠም ልዩ መሣሪያ እንጨቱን ይሰባብረዋል። «የጭካኔ ጥይት» ብሎ የሚሸጥልዎ ነጋዴ ካጋጠመዎት አይግዙት።

በቀለሃው መቀመጫ ላይ የታተመውን ፊደልና ዓመት ያንብቡ፤ ግን እሱንም ብቻውን አይመኑ። ጽሑፉ የሚናገረው ቀለሃውን ማን መቼ እንደሠራው ነው። ባዶ ጥይት አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ በተተኮሰ ቀለሃ ይሠራ ስለነበር፣ ዓመቱ ከተሞላበት ጊዜ ሊቀድም ይችላል። የአፉን አዘጋግ፣ የአረሩን ቁስና የመለኮሻውን ዙሪያ ቀለም አብረው ይመልከቱ።

ይህን ቀለም አሳምራለሁ ብለው በአሲድ ወይም በብረት ብሩሽ የሚያጠፉት ብዙዎች ናቸው፤ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ውስጡን ለማየት ጥይቱን መፍታት፣ መብሳት ወይም ማሞቅ ፈጽሞ አይሞከርም። ካርቶኑንም አይጣሉት፤ የጥይቱ ዓይነት፣ የምርት ቡድኑና ዓመቱ ብዙ ጊዜ ተሟልተው የሚገኙት እዚያ ላይ ነው።