ብሎኑን ከመፍታታችሁ በፊት፦ የሮክ ኮከብ ነበረ የተባለን ጊታር ታሪክ ስለ መከታተል

ሰዎች ጊታር ይዘው ሲመጡ ከሣጥኑ ቀድሞ የሚወጣው ታሪኩ ነው። «የባለቤቴ አጎት የእከሌ ባንድ የመብራት ሠራተኛ ነበር። በ1972 እከሌ ራሱ ነው በእጁ የሰጠው» አለኝ ባለፈው የመጣው ሰው፤ ስትራቶካስተር የሚባለውን የፌንደር ኩባንያ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ይዞ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሥራዬ ራዲዮና አምፕሊፋየር መጠገን ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ በኋላ ጊታር ተጨመረበት። «እከሌ ራሱ ነው የሰጠው» የተባለላቸው ስንት ጊታሮች ምድር ቤቴ ባለችው ጠረጴዛ ላይ እንዳለፉ ቆጥሬ አላውቅም። እስካሁን እውነት ሆኖ የተገኘ አንድም የለም፤ አመረማመሩን ግን አስተምረውኛል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። አታጽዱ፣ አትወልውሉ፣ ክር አትቀይሩ። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ አሮጌ ጊታር አንገት ነቅዬ፣ ከገላው ጋር የሚጋጠመውን ጫፍ በአልኮል ጨርቅ ጥርግ አድርጌ አጸዳሁት። ጨርቁ ላይ የቀረችውን ግራጫ እድፍ ሳይ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኛው በእርሳስ የጻፈው ቀን ነበር። ባለቤቱ ደግ ሰው ስለነበር ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን ዛሬም ጨርቅ ባነሣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ታሪኩን ሰውየው በተናገረው ቃል ጻፉት። ማን ሰጠ? ለማን? የት ከተማ? ያን ጊዜ ጊታሩ ምን ቀለም ነበረው? ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ያንኑ ጥያቄ መልሳችሁ ጠይቁ። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ የመብራት ሠራተኛ የነበረው አጎት በሁለተኛው ጊዜ የድምፅ መሐንዲስ ሆኖ ይመጣል። ሆኖም ታሪኩ አስቂኝ ስለሆነ ብቻ አትጣሉት። ቦብ ዲላን በ1965 በኒውፖርት የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ይዞት የወጣውን ኤሌክትሪክ ጊታር አውሮፕላን ውስጥ ረስቶት ወርዶ፣ የአብራሪው ቤተሰብ ቤት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጦ ነበር ቢባል ማን ያምናል? ሣጥኑ ውስጥ በእጅ የተጻፉ የዘፈን ግጥሞች ተገኙ። የእንጨቱ መስመር ከኒውፖርት ፎቶግራፎች ጋር ገጠመ። በ2013 በጨረታ 965,000 ዶላር ተሸጠ።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ኮከቦች በልካቸው ያሠሩት ወይም ራሳቸው የገጣጠሙት ጊታር አንድ የልደት ቀን የለውም። የኩዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይ ከ1963 ጀምሮ ከአባቱ ጋር በሠራው ጊታር ላይ ምን የመለያ ቁጥር ትፈልጋላችሁ? አንገቱ ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ ዙሪያ የተነቀለ ማሆጋኒ ነው፤ የጣት ቦታ ምልክቶቹ የእናቱ የልብስ ቁልፎች ናቸው፤ ክሮቹን እያላላ ድምፁን የሚያወዛውዘው የማንቀጥቀጫ ዘንግ ስፕሪንግ ከሞተር ብስክሌት የወጣ ነው። የቫን ሄለን ባንድ ጊታር ተጫዋች ኤዲ ቫን ሄለንም «ፍራንከንስታይን» የሚባለውን ጊታሩን 50 ዶላር ከከፈለበት ገላና 80 ዶላር ከከፈለበት አንገት ነው የገጣጠመው። ፒክአፑን፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል፣ ከጊብሰን ጊታር ነቅሎ በቀለጠ ሰም ነክሮታል። ስለዚህ ለአንገቱ፣ ለገላው፣ ለፒክአፑ፣ ለእያንዳንዱ መቃኛ በመዝገባችሁ ላይ የየራሱን ገጽ ክፈቱ። የፒንክ ፍሎይድ ባንዱ ዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ስትራቶካስተር አንገቱ ስንት ጊዜ ተቀያይሮ በ2019 3,975,000 ዶላር ሲሸጥ ማንም «ይህ አይደለም» አላለም፤ የእያንዳንዱ ቅያሪ ታሪክ ይታወቅ ነበርና።

አሁን ካቻቪቴ አንሡ። እያንዳንዱ ብሎን ሲወጣ ካርቶን ላይ የጊታሩን ቅርጽ ሥላችሁ በየቦታው ሰክታችሁ አስቀምጡት። ብሎኑ የዛገ ሆኖ ቀዳዳው አዲስ ከሆነ፣ ብሎኑ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። ገላውን ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት እዩት፤ ሐሰተኛ የገንዘብ ኖት ለመለየት የሚሸጠው ትንሹ ይበቃል። አሮጌ የናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ ብርሃን ይመልሳል። በኋላ የተቀባው ቦታ በአሮጌ ጋቢ ላይ እንደ ተጣፈ እራፊ ተለይቶ ይታያል።

እኔ የምወደው ክፍል የድምፅና የቃና መቆጣጠሪያዎቹ ናቸው፤ ራዲዮ ጠጋኞች ፖቴንሽዮሜትር የምንላቸው። በአሮጌ የአሜሪካ ጊታሮች ላይ የብረት ሽፋናቸው የታተመ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ፋብሪካውን ይነግሯችኋል፤ 137 ከሆነ ሲቲኤስ፣ 304 ከሆነ ስታክፖል ነው። ቀጥሎ ያለው አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ዓመቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት እንዳልተገጣጠመ ብቻ ነው፤ መቼ እንደተገጣጠመ አይናገርም። ፌንደር በ1966 ብዙ መቆጣጠሪያ ገዝቶ ስላከማቸ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሠራቸው ጊታሮች ውስጥም የ1966 ቁጥር ይገኛል።

ያ ጥቁር ጊታር ሲከፈት ሦስቱም መቆጣጠሪያዎች 1377633 ይላሉ። ሲቲኤስ፣ 1976፣ 33ኛው ሳምንት። ሰውየው ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ እያየ «እና ምን ማለት ነው?» አለኝ። ወዲያው አልመለስኩለትም፤ በኋላ ተቀይረው ሊሆን ይችላልና። እዚህ ላይ ብየዳውን በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ የተነካ ብየዳ ይታወቃል፤ ከአዲሱ ቆርቆሮ ሥር የአሮጌው ጠርዝ ይወጣል፣ የሽቦው ልባስ ጫፉ ይኮማተራል፣ ሽቦው ቀድሞ ታጥፎ የነበረበት ሌላ እጥፋት ይቀራል። በዚህኛው ላይ ምንም የለም። አንድ እጅ በአንድ ቀን የሠራው፣ አቧራውም በእኩል የሰፈረበት ብየዳ ነው።

ከውስጡ ስትጨርሱ ወደ ፎቶግራፍ ሂዱ። የመድረክ ፎቶግራፎችን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩና ከምን በኋላ ምን እንደመጣ ጻፉ። ፍራንከንስታይን ለዚህ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። በ1978 በወጣው የቫን ሄለን ባንድ የመጀመሪያ አልበም ሽፋን ላይ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ቀዩን ኤዲ የጨመረው በ1979 በብስክሌት ቀለም ነው። በኋላም ማንቀጥቀጫው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ የ1971 ሃያ አምስት ሳንቲም ገላው ላይ በብሎን መታበት። አንድ ሰው ቀይ ያለበትን ጊታር «በ1978 መድረክ ላይ የነበረው ይህ ነው» ቢላችሁ፣ ጭቅጭቅ ሳያስፈልግ የአልበሙን ሽፋን አሳዩት።

ስንጥቅና ጭረት ግን በእጅ ይሠራሉ። በ2007 የፍራንከንስታይን 300 ቅጂዎች ሲሠሩ የሲጋራ ቃጠሎውም ሳንቲሙም ሳይቀር ተገልብጧል። ሊገለበጥ የማይችለው ዛፉ ሲያድግ የሠራው መስመር ነው። የካናዳዊው ሮከኛ ራንዲ ባክማን ብርቱካንማ የ1957 ግሬች ጊታር በ1970ዎቹ ከቶሮንቶ ሆቴል ተሰረቀ። በ2020 አንድ ጎረቤቱ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ በኢንተርኔት ላይ ያሉ የግሬች ምስሎችን በሰው ፊት መለያ ፕሮግራም ሲያነጻጽር፣ ቶኪዮ ያለ ሙዚቀኛ በቪዲዮ ሲጫወትበት አገኘው። የለየችው በእንጨቱ ላይ ያለች ትንሽ ጥቁር አንጓ ነበረች። በሐምሌ 2022 ቶኪዮ በካናዳ ኤምባሲ ተመለሰለት፤ እሱም ለጃፓናዊው በምትኩ ያንኑ ዓይነት ግሬች ሰጠው። እናንተ ያለ ፕሮግራም ልታደርጉት ትችላላችሁ። ጥርት ያለ የቀረበ ፎቶግራፍ አግኙ፣ ጊታሩን በዚያው ማዕዘን አንሡት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንጓውን፣ መስመሩ የሚታጠፍበትን፣ ሁለት መስመር የሚገናኝበትን ቦታ አንድ በአንድ ምልክት አድርጉ። አንድ ምልክት ብቻ ቢገጥም ለእኔ ምንም አይደለም፤ አምስት ሲገጥም መቀመጫዬን አስጠጋለሁ። እንደ ጥቁሩ ጊታር በወፍራም ቀለም የተሸፈነ ገላ ከሆነ የጣት ሰሌዳውን እንጨት ተመልከቱ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው።

ወረቀትን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ታሪክን ለማረጋገጥ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ዋጋው ዝቅተኛ ነው። አንድ ሻጭ የወርቅ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ሰጥቶኝ 900 ዶላር ከኪሴ አውጥቻለሁ፤ ወረቀቱ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፣ ጊታሩ ግን በቁራጭ ተሸጧል። እመኑ የምላችሁ ለሌላ ጉዳይ የተጻፈውን ነው፦ የሱቅ ደረሰኝ፣ የዱቤ ውል፣ የኢንሹራንስ ዝርዝር፣ በሣጥኑ እጀታ ላይ የቀረ የአየር መንገድ ቁራጭ። ጆን ሌነን በ1962 ሊቨርፑል የገዛው ጊብሰን በ1963 መጨረሻ ጠፍቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሳንዲዬጎ ውስጥ አንድ ሰው የማን እንደነበረ ሳያውቅ በ175 ዶላር ገዛው። ሲመረመር የመለያ ቁጥሩ 73157 ከሌነን ጊታር ቁጥር ጋር አንድ ሆነ፣ የእንጨቱም መስመር ገጠመ። በ2015 በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

መዝገቡን ስትጽፉ ጊታሩ ያለፈበትን እያንዳንዱን እጅ በየመስመሩ አስገቡ፤ ማን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ማስረጃ። ማስረጃ የሌለውን ዘመን በግምት አትሙሉት፣ ባዶውን ተዉት። ለጥቁሩ ጊታር መጀመሪያው መስመር ላይ «ከነሐሴ 1976 በፊት አልተገጣጠመም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከእሱ በታች እስከ አጎቱ ሞት ድረስ ያለው ባዶ ነው።

ሰውየው መዝገቡን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «ለባለቤቴ አንተ ትነግርልኛለህ?» አለኝ። እኔ የፊቱን ሰሌዳ ብሎኖች ከካርቶኑ እያነሣሁ በየወጡበት ቀዳዳ እየመለስኩ ነበር፤ ከአሥራ አንዱ ሰባተኛው ላይ ደርሻለሁ። ቀና አላልኩም።