144 ሄርዝ ገዝቶ በ60 ላለመጫወት፦ የጌም ሞኒተር ኬብል አመራረጥ

ጎንደር ውስጥ ፒያሳም ሆነ አራዳ አንዱ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብታችሁ «ለጌም የሚሆን ኬብል» ብትሉ፣ ሻጩ መጀመሪያ የሚያወርድላችሁ ጫፉ ወርቅማ የሆነውን፣ ማሸጊያው ላይ «8ኬ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበትን ነው። ያንን ጽሑፍ ማንም ሊያሳትመው ይችላል። ወርቁም ጫፉ እንዳይዝግ ከማድረግ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ምስል አያጠራም፣ ሄርዝ (ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚቀይር) አይጨምርም። የሚያስፈልጋችሁን ኬብል የሚነግራችሁ የግራፊክስ ካርዳችሁና የሞኒተራችሁ ጀርባ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመውጣታችሁ በፊት እሱን እዩ።

ሁለቱን ፖርቶች መለየት ቀላል ነው። ኤችዲኤምአይ ሁለቱም የታች ማዕዘኖቹ ወደ ውስጥ የጠበቡ ናቸው፤ ዲስፕሌይፖርት አንዱ ማዕዘን ብቻ የተቆረጠ ነው። በኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 10 እና አርቲኤክስ 20 ካርዶች ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ 2.0 ሲሆን ዲስፕሌይፖርቱ ግን 1.4 ነው፤ ስለዚህ በእነዚህ ካርዶች ዲስፕሌይፖርቱን መጠቀም ይሻላል። አርቲኤክስ 30 እና 40፣ እንዲሁም ከኤኤምዲ አርኤክስ 6000፣ ኤችዲኤምአይ 2.1 አላቸው። ፒኤስ5 (ፕሌይስቴሽን 5) ያለው የምስል መውጫ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። አዲሱ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው የፒኤስ5 ኬብል በቂ ስለሆነ እሱን ጥላችሁ ሌላ አትግዙ። ያገለገለ ስትገዙ ግን ብዙ ጊዜ ተቀይሮ የሚመጣው ኬብሉ ነው።

ሞኒተሩ ላይ ያሉት ፖርቶችም እኩል አይደሉም። በዲስፕሌይፖርት 165 ሄርዝ የሚሰጠው ሞኒተር በኤችዲኤምአይ 144 ላይ ሊቆም ይችላል። ማኑዋሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፖርት የተጻፈውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ወርዱን በቁመቱ፣ ውጤቱን በሄርዙ፣ ከዚያ በ24 ቢት (የአንዱን ነጥብ ቀለም የሚገልጸው መጠን) አባዙ። የብርሃንና የቀለም ስፋት የሚጨምረውን ኤችዲአር በ10 ቢት የምትከፍቱ ከሆነ በ24 ፋንታ 30 ግቡ። በምስልና በምስል መካከል ላለው ክፍተት ደግሞ 10 በመቶ ያህል ጨምሩ። ለምሳሌ 2560 በ1440 በ144 ሄርዝ ሲሰላ 12.7 ጊጋቢት በሰከንድ ይመጣል፤ ክፍተቱ ሲጨመር ወደ 14 ይጠጋል። ኤችዲኤምአይ 2.0 «18 ጊጋቢት» ቢባልም ዳታውን ለማስተላለፍ ከሚጨመረው ኮድ ተርፎ ለምስል የሚውለው 14.4 ነው። ስለዚህ 144 ለጥቂት ያልፋል። 165 ግን ወደ 16 ስለሚደርስ አያልፍም፤ ከዚህ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ውድ ኬብል ብትሰኩ ለውጥ የለም። ዲስፕሌይፖርት 1.4 በስም 32.4፣ በሥራ 25.9 ገደማ ነው፤ 165ን በሰፊው ይይዘዋል። ኤችዲኤምአይ 2.1 በስም 48፣ በሥራ 42.6 አካባቢ ነው።

4ኬ (3840 በ2160) በ144 ሄርዝ ደግሞ ከ31 ጊጋቢት ያልፋል፣ ከዲስፕሌይፖርት 1.4 አቅም በላይ ነው። ካርዱም ሞኒተሩም ዲኤስሲ የሚባለውን መጭመቂያ የሚያውቁ ከሆነ ግን በዚያው በ1.4 ኬብል ይሠራል፤ ልዩነቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ «4ኬ ስለሆነ ኤችዲኤምአይ 2.1 ግዴታ ነው» የሚላችሁን ሻጭ ቀስ ብላችሁ ስሙት።

ኬብሉ ላይ የሚፈለገው የቨርዥን ቁጥር ሳይሆን የደረጃው ስም ነው። ኤችዲኤምአይ ኬብሎች ደረጃቸው የሚለየው በስም ነው፤ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» ለ18፣ «አልትራ ሃይ ስፒድ» ለ48 ጊጋቢት። «2.1 ኬብል» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ማረጋገጫ የለውም። እውነተኛው አልትራ ሃይ ስፒድ ማሸጊያው ላይ በስልክ የሚነበብ ኪውአር ኮድ ያለበት ተለጣፊ አለው፤ በኤችዲኤምአይ የራሱ አፕ ስካን አድርጉት። ለዲስፕሌይፖርት «ዲፒ8ኬ» የሚለው ለ1.4 ይበቃል። «ዲፒ40» እና «ዲፒ80» የሚሉት ለዲስፕሌይፖርት 2.1 ካርዶችና ሞኒተሮች ናቸው። ጎንደር ካጣችሁ ከአዲስ አበባ ስታስመጡ የተለጣፊውን ፎቶ አስቀድማችሁ አስልኩ፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣን ኬብል መመለስ ከኬብሉ ዋጋ በላይ ያደክማል።

ርዝመቱን በሜትር ለኩና ጥቂት ብቻ ጨምሩ። ለ48 ጊጋቢት ተራ የመዳብ ኬብል 2 ሜትር ጥሩ ነው፤ ከ3 ሜትር ያለፈውን ተጠራጠሩ። ለዲፒ80 ደግሞ 1 ሜትር አካባቢ ነው። ስክሪኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማሽኑ ከርቀት የሚቀመጥባቸው ጌም ቤቶች 5 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፈለጉ ኦፕቲካሉን (በብርሃን የሚያስተላልፈውን) ይግዙ፤ እሱ አቅጣጫ አለው፣ «ሶርስ» የሚለው ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ «ዲስፕሌይ» የሚለው ስክሪኑ ላይ ካልተሰካ ምስል የለም።

አዳፕተርም እንዲሁ አቅጣጫ አለው። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ርካሽ ኬብል ከካርድ ወደ ስክሪን ብቻ ነው የሚሠራው። ፒኤስ5ን ዲስፕሌይፖርት ብቻ ባለው ሞኒተር ላይ ለመሰካት በዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ፣ ውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ርካሽ ዲስፕሌይፖርት ኬብል ላይ አንድ የተደበቀ ችግር አለ፤ 20ኛው ፒን። ይህ ፒን 3.3 ቮልት ይዞ ለአዳፕተሮች የተተወ ነው፤ በተራ ኬብል ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ መያያዝ የለበትም። ያገናኙት ፋብሪካዎች ግን አሉ፤ ያኔ የሞኒተሩ ኃይል ወደ ካርዱ ይመለሳል። ምልክቱ ኮምፒውተሩ አልነሣ ማለቱና ኬብሉ ሲነቀል መነሣቱ ነው። ሙከራው ቀላል ነው፦ ሞኒተሩ እንደበራ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ የኃይል ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ቦርዱ ወይም ካርዱ ላይ መብራት ከቀረ ኬብሉን በዚያው ቀን መልሱት።

ስትሰኩ ደግሞ ሁሉንም አጥፉ። ግራውንድ በሌለበት ቤት፣ ሦስት እግር ያለው ፕላግ ሁለት ቀዳዳ ባለው ዲቫይደር ላይ ሲሰካ፣ የፓወር ሰፕላዩ ፊልተር በኮምፒውተሩ ብረት ላይ ከ220 ቮልት ግማሹን ያህል ያስቀምጣል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ጣት ላይ መንዘር ብቻ ነው፤ ለኤችዲኤምአይ ቺፕ ግን ብዙ ነው። ማሽኑ በርቶ ኬብሉን ስትነካኩ ፖርቱ በአንድ ብልጭታ ሊሞት ይችላል። ሁለቱንም ከግድግዳ ንቀሉ፣ ኬብሉን ሰኩ፣ ከዚያ ኃይል ስጡ። መብራት የሄደበት ሰዓት ለዚህ ምቹ ይመስላል፤ ግን ፕላጉን ሳትነቅሉ አትጀምሩ፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ብረቱ ሁልጊዜ የሚነዝር ከሆነ መፍትሔው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ግራውንድ ማስዘርጋት ነው።

ሰክታችሁ ስትጨርሱ ዊንዶውስ በራሱ 144 ላይ አይሄድም፤ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ነው የሚቀረው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቡና ሪፍሬሽ ሬቱን ቀይሩ። ዝርዝሩ ውስጥ 144 ከሌለ ገና ኬብሉን አትክሰሱ። መጀመሪያ ኬብሉ በማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በግራፊክስ ካርዱ ፖርት ላይ መሰካቱን እዩ። ቀጥሎ የሞኒተሩን ሜኑ ክፈቱ፤ አንዳንዱ ዲስፕሌይፖርቱን ከፋብሪካው 1.1 ወይም 1.2 ላይ አስቀምጦት ይመጣል፣ ወደ 1.4 ቀይሩት።

ኬብሉ ሲታመም የራሱ ምልክት አለው። እንደ ጨው የተበተኑ ነጭ ነጥቦች በኤችዲኤምአይ ላይ ቢት እየጠፋ መሆኑን ያሳያሉ። ስክሪኑ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ጠቁሮ የሚመለስ ከሆነ ግንኙነቱ እየተቋረጠ እንደ አዲስ እየተደራደረ ነው። ሄርዙን ከ144 ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 60 አውርዱ። ሲወርድ ችግሩ ከጠፋ ተጠያቂው ኬብሉ ወይም ርዝመቱ ነው፤ በ60ም ካልጠፋ በሌላ ኬብልና በሌላ ፖርት ሞክሩ። ከሱቅ ሳትወጡ የምትሞክሩ ከሆነ ኬብሉን በምትፈልጉት ሄርዝ ላይ አድርጋችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ደካማ ኬብል መጀመሪያ ላይ ደህና መስሎ ቆይቶ ነው የሚያበላሸው።