ከጓሮ ሸረሪት ጋር ስንኖር የምንሠራቸው ስህተቶች

እዚህ ቨርጂኒያ ሙቀቱ ሲመለስ ሐበሻ ሁሉ ጓሮው ውስጥ ነው። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ቲማቲሙ ይተከላል። ሸረሪቶቹም አብረው ይመጣሉ። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉንም። ጓሮ ውስጥ በደንብ ልናውቃት የሚገባን ብላክ ዊዶው የምትባለዋን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ትልቋን መፍራት ነው። ቲማቲሙ መሀል ክብ ድር የምትሠራው ጥቁርና ቢጫ ሸረሪት ታስደነግጣለች፤ ግን አደገኛ አይደለችም፤ እንዲያውም ፌንጣ ትበላልናለች። አይግደሏት። መርዘኛዋ ትንሽ ናት፤ ሰውነቷ እግሯን ሳይጨምር 1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንደተወለወለ ጫማ ታብለጨልጫለች። ሆዷ ሥር ጫፍ ለጫፍ የገጠሙ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች የሚመስል ቀይ ምልክት አላት። አንዳንዷ ላይ ምልክቱ ለሁለት የተቆረጠ ስለሆነ «ፎቶው ላይ ያለችውን አትመስልም» ብለው አይዘናጉ። ድሯም ቅርጽ የለውም፤ ዝብርቅርቅ ብሎ መሬት አካባቢ ነው የሚገኘው።

ዋናው ስህተት ግን እጅን ሳያዩ መስደድ ነው። ይህች ሸረሪት ሰው አታሳድድም። የምትነክሰው ስትጨፈለቅ ነው። የማገዶ ክምር፣ የአበባ ማሰሮ ሥር፣ የውሃ ቆጣሪ ክዳን፣ የተደራረበ ወንበር ቤቷ ናቸው። እኔ ክረምቱን ሙሉ ውጭ የከረመ ጓንቴን ሳራግፍ አንዷ ዱብ አለች። ከዚያ ወዲህ ጫማዬንም ሳላራግፍ አላደርግም።

ፍሊት መርጨትስ? ጥግ ውስጥ የተደበቀችው ላይ ብዙም አይደርስም፤ ንቧን ግን ይገድላል። ማታ ባትሪ ይዘው ቢወጡ ድሯ ላይ ያገኟታል። እጀታው ረጅም በሆነ መጥረጊያ ድሩንና ኳስ የመሰለውን የእንቁላል ከረጢት ያንሱ። አንዱ ከረጢት በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል።

ከነከሰችዎት መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር የለም። በሳሙና ይጠቡት፣ ቀዝቃዛ ነገር ያድርጉበት፣ 1-800-222-1222 ይደውሉ። የአሜሪካ የመርዝ መረጃ መስመር ነው፤ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል። ሆድ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ጡንቻ ከተኮማተረ፣ ላብ ካጠመቀዎት ኢመርጀንሲ ይሂዱ። ሞት ብርቅ ነው፤ ሕመሙ ግን ቀላል አይደለም። ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች የተነከሰችው፣ ምልክት አይጠብቁ።

በመጨረሻም የኛው የቆየ ስህተት፦ «ሸረሪት ሸናችብኝ»። በአንድ ጎን ብቻ እያቃጠለ ውሃ የሚቋጥረው ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ ነው። የሚያመጣው ድሮ ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ነው። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ ሸረሪቷን ይተዉና ሐኪም ጋ ይሂዱ።